የከረሜላው ቤት ዋጋ
(መካከለኛ ኩባንያ እንዴት እንደሚመዘን የታሪክ ማስታወሻ)



ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በዕድራችን ስብሰባም ሆነ ከስብሰባው በኋላ በር ላይ ቆመን ስንጨዋወት አንድ ወሬ አይጠፋም፤ ይኸውም የአክሲዮን ወሬ ነው። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ከጀመረና ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ከሆነ ወዲህ ጡረታ የወጣውም፣ ነጋዴውም፣ ልጁ ከውጭ አገር ገንዘብ የሚልክለትም «ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» እያለ ይጠይቃል። መጠየቁ የሚገባ ነው። ብሩ ባንክ ተኝቶ ኑሮው ይሮጣል፤ የዛሬ አሥር ዓመት በሬ ይገዛ የነበረ ገንዘብ ዛሬ ምን እንደሚገዛ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ስለ አክሲዮን ማኅበር በሰፊው ደንግጎ ነበር። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽም በብሔራዊ ባንክ አስተባባሪነት አክሲዮን የሚያገበያይ ቡድን ተቋቁሞ፣ የጥቂት ኩባንያዎች አክሲዮን ይሸጥና ይገዛበት ነበር። በ1967 ዓ.ም. ባንኮቹ፣ ኢንሹራንሶቹና ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ሲወረሱ ያ ገበያ አብሮ ቆመ። እነሆ ሃምሳ ዓመት አለፈ። በዚህ መካከል የተቋረጠው ገበያው ብቻ አይደለም፤ አባት ለልጁ «ኩባንያ እንዲህ ተደርጎ ነው የሚታየው» ብሎ የሚያወርሰው ዕውቀትም አብሮ ተቋረጠ። ስለዚህ ምሳሌውን ከባሕር ማዶ ማምጣት ግድ ሆነብን።

የመረጥነው ምሳሌ የከረሜላ ኩባንያ ነው። አትሳቁ። ባንክ፣ ነዳጅና አውሮፕላን እያለ ከረሜላ ምን ይሠራል የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠን። ባንክን ለመመርመር የባንክ ሰው መሆን ያሻል፤ ሰው የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና የሚለብሰውን የሚሠራ መካከለኛ ኩባንያ ግን ማናችንም ብንሆን በዓይናችን አይተን፣ በምላሳችን ቀምሰን ልንመረምረው እንችላለን።

ኩባንያው ሲስ ካንዲስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1921 ቻርልስ ሲ የሚባል ከካናዳ የመጣ ሰው በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ ሎስ አንጀለስ ከተማ ላይ የመጀመሪያውን ሱቅ ከፈተ። ቸኮሌቱና ከረሜላው የሚሠራው በእናቱ በሜሪ ሲ ሙያ ነበር፤ መነጽር ያደረጉት የባልቴቲቱ ሥዕልም እስከ ዛሬ ድረስ ካርቶኑ ላይ አለ። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ስኳርና ቅቤ በራሽን ሲሆን ብዙው ጣፋጭ ሠሪ ርካሽ ነገር እየቀላቀለ መሸጡን ቀጠለ። እነዚህ ግን አሠራራችንን አንለውጥም፣ ባለን ስኳር የሚወጣውን ያህል ብቻ እንሠራለን አሉ፤ የዕለቱ ዕቃ ሲያልቅ ሱቁን ይዘጋሉ። ሰዉም ሳያልቅ ለመድረስ ተሰልፎ ይጠብቅ ጀመር። በዚያን ጊዜ የቀረባቸው ትርፍ በሂሳብ መዝገብ ላይ ኪሣራ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ያ ወረፋ በኋላ ስንት ሚሊዮን ዶላር እንዳወጣ ወደ ኋላ እናየዋለን።

እዚህ ላይ ስለ ገዢው መናገር ያስፈልጋል፤ ለኛ ለዕድርተኞች ደግሞ የገዢው ታሪክ ከሻጩ ይበልጥ ይጥማል። ገዢው ብሉ ቺፕ ስታምፕስ የሚባል የቴምብር ኩባንያ ነበር። ቴምብሩ የፖስታ አይደለም። ባለ ግሮሰሪው ከኩባንያው ቴምብር ይገዛና ለደንበኛው በገዛው ዕቃ ልክ ይመርቅለታል፤ የቤት እመቤቶች ቴምብሩን እያራሱ በደብተር ላይ ይለጥፋሉ፤ ደብተሩ ሲሞላ ወስደው በዕቃ ይለውጡታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ባለ ግሮሰሪው ዛሬ ከፍሏል፣ እመቤቲቱ ዕቃዋን የምትወስደው ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው፤ አንዳንዷም ደብተሯን ከመሳቢያ ረስታው ትቀራለች። በዚህ መካከል የሰው ገንዘብ ኩባንያው እጅ ተከማችቶ ይቆያል። መዋጮ በየወሩ ገብቶ ወጪው ቀኑ ሲደርስ የሚወጣበት የኛ ካዝና ከዚህ በምን ይለያል? መለያውን በኋላ እንናገራለን።

የዚህ የቴምብር ኩባንያ ዋና ዋና ባለ አክሲዮኖች ዋረን በፌትና ቻርሊ መንገር ነበሩ። ቴምብሩ እየሞተ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሽያጩ 126 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ1980 ወደ 19.4 ሚሊዮን፣ በ1990 ደግሞ ወደ 1.5 ሚሊዮን ወረደ። ካዝናው ሳይደርቅ ገንዘቡ ሌላ ሥራ ላይ መዋል ነበረበት። የሲ ቤተሰብ ከረሜላ ቤቱን መሸጥ የፈለገው በዚያው ሰሞን ነው። የጠየቁት ዋጋ 30 ሚሊዮን ዶላር፣ በፌት ከ25 ሚሊዮን አልፍም አለ።

ለምን ይሄን ያህል ገተረ ቢባል፣ የአስተማሪው ትምህርት ነው። አስተማሪው ቤንጃሚን ግሬም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ፣ በ1929ኙ የኒው ዮርክ ገበያ ውድቀት ክፉኛ የተጎዳ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ከባልደረባው ከዴቪድ ዶድ ጋር አክሲዮን ስለ መመርመር ታላቅ መጽሐፍ ጻፈ። የግሬም ዘዴ የተቃጠለ ሰው ዘዴ ነው። ኩባንያው ዛሬ ቢዘጋ ከዕቃው፣ ከጥሬ ገንዘቡና ሰው ላይ ካለው ብድር ዕዳው ተቀንሶ ምን ይተርፋል? አክሲዮኑ ከዚያ በታች ከተሸጠ ግዛ፤ ካልሆነ እለፍ። ይህ ዘዴ ብዙ ሰው አድኗል፣ እኛም አንንቀውም። በዚህ ሚዛን ሲመዘን ግን ከረሜላ ቤቱ 25 ሚሊዮን አያወጣም ነበር። ሥራውን ለማካሄድ የዋለው ጠቅላላ ካፒታል፣ ፋብሪካው፣ ማሽኑ፣ ሱቁና ስኳሩ ሁሉ ተደምሮ 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ታዲያ የቀረው 17 ሚሊዮን የምን ዋጋ ነው? በእጅ የማይዳሰስ፣ በመጋዘን የማይቆጠር ነገር።

መንገርና ጓደኞቹ ግን ጥራት ላለው ነገር ገንዘብ ማውጣት ነውር አይደለም እያሉ በፌትን ወተወቱት። ሻጮቹም በ25 ሚሊዮኑ እሺ አሉና እ.ኤ.አ. በጥር 1972 ውሉ ተፈረመ። ቤተሰቡ በ30 ሚሊዮኑ ቢጸና ኖሮ ግዢው ይቀር እንደነበረ በፌት ራሱ ኋላ ጽፎታል። በ5 ሚሊዮን ምክንያት ምን ሊያመልጠው እንደነበረ የሚከተለው ቁጥር ያሳያል።

በ1972 ኩባንያው 167 ሱቅ ነበረው፤ ወደ 17 ሚሊዮን ፓውንድ ከረሜላ ሸጠ (አንድ ፓውንድ ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ያንሳል)፤ ሽያጩ 31.3 ሚሊዮን ዶላር፣ ከግብር በኋላ ያተረፈው 2.1 ሚሊዮን ገደማ። እንግዲህ ገዢው የዓመት ትርፉን 12 እጥፍ ከፈለ ማለት ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ ሱቁ 207፣ ከረሜላው 24.7 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ሽያጩ 133.5 ሚሊዮን፣ የተጣራ ትርፉ 13.7 ሚሊዮን ሆነ። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። የሱቁ ቁጥር ያደገው በሩብ ገደማ፣ ከረሜላው ከግማሽ በታች ነው፤ ትርፉ ግን ከስድስት እጥፍ በላይ! ይህ ከየት መጣ? ከዋጋው ነው። አንዱ ፓውንድ በ1972 በአማካይ 1.85 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፣ በ1983 ከ5.40 በላይ ሆነ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ኑሮ ተወዶ ነበር፤ ጠቅላላው የዕቃ ዋጋ በአሥራ አንዱ ዓመት ወደ 2.4 እጥፍ ሆኗል። ከረሜላው ግን ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ፤ ገዢም አልሸሸም።

ለምን አልሸሸም? ለገና በዓል ወይም ለፍቅረኛው ስጦታ የሚገዛ ሰው ርካሹን አይፈልግማ! የባልቴቲቱ ሥዕል ያለበትን ካርቶን ይዞ ሲገባ የተቀባዩ ፊት እንዴት እንደሚፈካ ያውቃል፤ አንድ ዶላር ቀንሶ የማይታወቅ ካርቶን ይዞ መግባትን ይፈራል። በጦርነቱ ጊዜ የተሰለፈው ሰው ልጆች ናቸው ይህን ዋጋ የከፈሉት።

ነገሩን ወደ ሰፈራችን እናምጣው። አንዲት ባልትና አዘጋጅና አንድ ባለ ወፍጮ እንውሰድ። ሁለቱም በዓመት 100 ሺህ ብር ያተርፋሉ እንበል። የባልትናዋ ሴትዮ ዕቃ ሙቀጫው፣ ማድረቂያው፣ በርበሬውና ቅመሙ ተደምሮ 200 ሺህ ብር ነው። የባለ ወፍጮው ሞተር፣ ድንጋይና ቤት 900 ሺህ ብር ይፈጃል። እንደ ግሬም ከሆነ ወፍጮው ይሻላል፤ ቢዘጋ የሚሸጥ ብረት አለው። አሁን ግን ኑሮ በእጥፍ ይወደድ። ሁለቱም ባሉበት ለመቆየት 200 ሺህ ማትረፍ አለባቸው። ሴትዮዋ ዕቃዋን በአዲሱ ዋጋ ለመተካት 200 ሺህ ብር ብትጨምር ይበቃታል፤ ባለ ወፍጮው ግን ሞተሩ ሲያልቅ 900 ሺህ ተጨማሪ ማምጣት አለበት፤ ከየት ያመጣል? እርግጥ በፋብሪካው ብዛት የሚመካ ሰው ይህን አይወድም። በዚህ ላይ የሰርግ ወይም የተዝካር ድግስ ያለበት ሰው በበርበሬ አይጫወትም፤ የሚያውቀውን እጅ ፍለጋ ሌላ ሰፈር ድረስ ይሄዳል፣ ኪሎው ላይ ብር ቢጨመርም አጉረምርሞ ይከፍላል። ወፍጮ ግን በአንድ መንገድ ላይ ሦስት አለ፤ ዱቄት የማን ወፍጮ እንደፈጨው አይናገርም።

ከረሜላ ቤቱ ባልትናዋን ይመስል ነበር። የሚሸጠው በእጅ በእጅ ስለሆነ ደንበኛ ዘንድ የቀረ ብድር የለበትም፤ ከፋብሪካ እስከ ሱቅ ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ ብዙ ዕቃ መጋዘን አይተኛበትም። በፌት ለባለ አክሲዮኖቹ በጻፈው የ2007 ሪፖርት እንዳስረዳው፣ ከ1972 እስከዚያ ድረስ ኩባንያው ከግብር በፊት በድምሩ 1.35 ቢሊዮን ዶላር አትርፏል። ለማደግ መልሶ የበላው 32 ሚሊዮን ብቻ ነው። የቀረው ለባለቤቱ ገብቶ፣ ግብሩ ተከፍሎ፣ ሌሎች ኩባንያዎች ተገዙበት። ትርፍ የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም ያልነው ስለዚህ ነው፤ በወረቀት ላይ አትርፎ ትርፉን ሁሉ ለማሽን የሚበላ ኩባንያ ለባለ አክሲዮኑ የሚያካፍለው የለውም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እንጨምር። ከረሜላ ቤቱ ከካሊፎርኒያና ከአካባቢው ወጥቶ ለመስፋፋት ደጋግሞ ሞክሮ ነበር፤ ብዙም አልሆነለትም። ስሙ የሚታወቀው በአገሩ ነው። ቢሆንም ባለቤቶቹ በግድ እናስፋፋው ብለው ገንዘቡን አላባከኑም። «በቅርቡ በመላው አገሪቱ ቅርንጫፍ እንከፍታለን» የሚል ማስታወቂያ ስናይ ወዲያው የምንደሰት ሰዎች ይህን ነገር ደግመን ብናስበው ጥሩ ነው።

እንግዲህ ስም ያለው ኩባንያ ሁሉ ይገዛ ማለት ነው? ከመካከላችን አንዱ ጽሑፉን ስናዘጋጅ ይህን ሲከራከር ነበር፤ ስም ካለ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው ይላል። መልሱ እዚያው በዚያው ዓመት ይገኛል። በ1972 አሜሪካኖች «ሃምሳዎቹ ምርጦች» የሚሏቸው ኩባንያዎች ነበሩ፤ መቼም አይወድቁም፣ በማንኛውም ዋጋ ገዝቶ ማስቀመጥ ነው ይባልላቸው ነበር። ቤት ለቤት ሽቶና ቅባት የሚሸጠው አቮን አንዱ ነው። ስም አለው፣ ትርፍ አለው፣ ዕዳ አያስጨንቀውም። ሰው ግን የዓመት ትርፉን ከ60 እጥፍ በላይ ከፍሎ ይገዛው ነበር። ፖላሮይድ የሚባለው የፎቶግራፍ ኩባንያ ደግሞ ከ90 እጥፍ በላይ። በ1973 እና በ1974 ገበያው ሲወድቅ፣ 140 ዶላር ደርሶ የነበረው የአቮን አክሲዮን ከ20 ዶላር በታች ወረደ። አቮን ግን አልከሰረም፤ ሽቶውን መሸጡን ቀጥሎ ነበር። የከሰረው በ140 የገዛው ሰው ነው። ፖላሮይድማ በመጨረሻ በ2001 ኪሣራውን አስታወቀ። በአንድ ዘመን፣ በአንድ አገር፣ ሁለቱም ጥሩ ስም ያላቸው ሆነው አንዱ በ12 እጥፍ፣ ሌላው በ60 እጥፍ መሸጣቸው ነው ልዩነቱ።

ዋጋውም ተገቢ ሆኖ፣ ስሙም ኖሮ የሚወድቅ አለ። ለዚህ የሚጠቀሰው ያው በፌት የገዛው የጫማ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሜይን በሚባለው ግዛት ያለውን ዴክስተር የጫማ ኩባንያ በ433 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ የከፈለውም በራሱ ኩባንያ በበርክሻየር አክሲዮን ነው። ጫማው ጥሩ፣ ሠራተኛው ባለሙያ፣ ትርፉ የሚያስጎመጅ ነበር። ይሁን እንጂ ጫማ ከከረሜላ ይለያል፤ ከባሕር ማዶ በርካሽ የእጅ ዋጋ ተሠርቶ በመርከብ ይመጣል። በ1999 አሜሪካ ውስጥ ከሚሸጠው አሥር ጫማ ዘጠኙ ከውጭ የገባ ነበር። ዴክስተር በጥቂት ዓመት ውስጥ ዋጋ ቢስ ሆነ፤ በ2001 በአገሩ ውስጥ ጫማ መሥራቱን አቆመ። ለክፍያ የተሰጠው አክሲዮን ግን እያደገ ሄዶ፣ ጉዳቱ ለባለ አክሲዮኖቹ 3.5 ቢሊዮን ዶላር እንደደረሰ በፌት በ2007 ሪፖርቱ ጽፏል። ትልቁ ሊቅ እንዲህ ሲሆን እኛ ስንገዛ ቀስ ብንል ማንም አይስቅብንም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እኛም ዘንድ ብስኩት የሚሠራ፣ ውኃ የሚያሽግ፣ ሳሙና የሚያመርት፣ ቢራ የሚጠምቅ መካከለኛ ኩባንያ አለ፤ ወደፊት አክሲዮናቸውን ለሕዝብ የሚያቀርቡ ይኖራሉ ብለን እንገምታለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ 100 ብር ተጠጋ፣ ከዚያም አለፈው። ይህ ለገዢው ትልቅ የመፈተኛ አጋጣሚ ነው። ዘይቱን፣ ፕላስቲኩን፣ ብቅሉን ከውጭ የሚያስመጣ ኩባንያ በዚያ ዓመት ዋጋውን ጨምሮ ደንበኛውን ይዞ ቀረ ወይስ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ፋብሪካ ሄደ? የ2016 እና የ2017 የሂሳብ ሪፖርቱ ይናገራል። የተሸጠው ካርቶን ስንት ነው፣ ገቢው ስንት ነው ብሎ ሁለቱን ማካፈል ነው፤ አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ይሠራዋል። ገቢው አድጎ ካርቶኑ ከቀነሰ፣ በምን ያህል እንደቀነሰ ማየት ነው። ከዚያ ወደ ሰፈር ሱቅ ወርዶ ባለ ሱቁን መጠየቅ ያዋጣል፤ ይህ ሳሙና ሲያልቅብህ ሰዉ ሌላውን ይወስዳል ወይስ ነገ እመጣለሁ ይላል? ባለ ሱቁ ከማንኛውም ኦዲተር ይልቅ ይህን ያውቃል።

አንዳንድ አባሎቻችን ከዓመታት በፊት «በመቋቋም ላይ ያለ» ከተባለ አክሲዮን ማኅበር ገዝተው እስከ ዛሬ የትርፍ ድርሻም፣ ዋናውንም ገንዘብ አላዩም። ስም መጥራት አያስፈልግም። ያን ጊዜ የተሸጠላቸው በማስታወቂያ የተሳለ ሕንፃ ነበር። ሂሳቡ የሚመረመር፣ ያለፈ ዓመት ትርፉ የሚታይ ድርጅት አልነበረም። ከ2013 ዓ.ም. የካፒታል ገበያ አዋጅ በኋላ አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ሁሉ ፕሮስፔክተስ የሚባለውን የሽያጭ መግለጫ ለባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት አቅርቦ ማስፈቀድ አለበት። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ መግለጫው መሟላቱን ያያል እንጂ ዋጋው ርካሽ ነው አይልላችሁም።

ስለ ዕድራችን ተቀማጭ ደግሞ ተጠይቀናል። በበኩላችን የዕድሩ ገንዘብ አክሲዮን ይገዛበት በሚለው አንስማማም። የቴምብሩ ኩባንያና የኛ ካዝና መለያ ያልነው እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው በየዓመቱ ስንት ደብተር እንደሚመለስ ከብዙ ሚሊዮን ሰው ልማድ ተነሥቶ ያሰላ ነበር፤ የቤት እመቤቲቱም ለዕቃዋ አንድ ሳምንት ብትጠብቅ አትጎዳም። እኛ ጥቂት መቶ አባሎች ነን፤ ሞት በሂሳብ አይመጣም፤ ጡሩንባው ሌሊት ተነፍቶ ጠዋት ገንዘቡ ከለቀስተኛው ቤት መድረስ አለበት። ገና በተጀመረ ገበያ ላይ ደግሞ ሻጭ እንጂ ገዢ የሚጠፋበት ቀን ይኖራል። ጠቅላላ ጉባኤው የተለየ ሐሳብ ካለው ይነጋገርበት፤ እኛ ግን ድንኳኑና ተቀማጩ ባሉበት ይቆዩ ባዮች ነን። አባል በግሉ ካጠራቀመው፣ ለአምስት ለአሥር ዓመት ከማይፈልገው ገንዘብ ቢገዛ የራሱ ውሳኔ ነው።

የማንኛውንም ኩባንያ የሽያጭ መግለጫ ወይም የሂሳብ ሪፖርት ያገኘ አባል ቢኖር፣ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ከመዋጮ መሰብሰቢያው ሰዓት በኋላ በዕድሩ ቢሮ ይዞት ይምጣ፤ ተቀምጠን አብረን እናነበዋለን። መነጽርና እርሳስ አትርሱ። ቡናው ግን ከየኪሳችን ነው፤ ገንዘብ ያዣችን ለዚህ ወጪ እንደማይፈርሙ ከወዲሁ አስታውቀውናል።